እስቲ ሳህኑን አንኳኩት

ከመተማና ከቋራ ቆላ የተለቀመ እጣን በጆንያ ታስሮ፣ በጭነት መኪና የጭልጋን ዳገት ወጥቶ ጎንደር ከገባ በኋላ መጨረሻው የት እንደሆነ ተከትሎ ያየ የቆላ ሰው ጥቂት ነው። ከመጨረሻዎቹ አንዱን መገመት ግን አያስቸግርም። ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን አጣጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የተቀመጡበት፣ መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ የመግቢያው ዋጋ ግን ደመቅ ያለ ክፍል ነው። እዚያ እጣኑ ይጨሳል፤ ከእጣኑ ጎን በትንሽ ትራስ ላይ አንድ የነሐስ ጎድጓዳ ሳህን በክብር ተቀምጧል። አስተማሪዋ በእንጨት መምቻ ነካ ስታደርገው ድምፁ ይነሳል፣ ክፍሉን ይሞላል፣ እየቀጠነ ሄዶ ይጠፋል። እስኪጠፋ ድረስ በጆሮ መከተል ነው እንግዲህ ሥራው። ሲንጊንግ ቦውል ይሉታል፤ እኛ ዘማሪ ሳህን ብለነው እንለፍ። አዲስ አበባ ውስጥ ዮጋና ሜዲቴሽን የሚያዘወትሩ ሰዎች ያውቁታል። ከአዲስ አበባ የወጣ ፋሽን ሁሉ ውሎ አድሮ ገንዳ ውኃ መድረሱ አይቀርምና፣ ሰሊጡ በደህና ዋጋ የተሸጠለት አንድ የመተማ ሰው ዘማሪ ሳህን ቢያምረው እንዴት ይምረጥ፣ እንዴትስ ይጫወትበት የሚለውን ከወዲሁ መምከር ሳይሻል አይቀርም። ምክሬ አጭር ነው፤ ረጅሙ ማስረጃው ነው። ሳህኑን በጆሮው ይምረጥ፤ በሚነገርለት ታሪክ አይግዛው።

ታሪኩን ሻጮቹ ሁሉ ከአንድ አፍ እንደወጣ አድርገው ይናገሩታል። ሳህኑ በሂማላያ ተራሮች ላይ፣ በሙሉ ጨረቃ ሌሊት፣ ጸሎት በሚደግሙ መነኮሳት እጅ ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ምስጢሩ ሺህ ዓመታት የተጠበቀ ነው ይባላል። የቲቤት ገዳማት በእርግጥ የታወቁ የድምፅ ዕቃዎች አሏቸው፤ የእጅ ደወል፣ ጥንድ ጥንድ የሚጋጩ ትንንሽ ጸናጽሎች፣ ከበሮ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ መለከት። ከንፈሩ እየታሸ የሚዘምር ሳህን ከእነዚህ መካከል ጥንታዊ ቦታ ነበረው የሚያሰኘው ማስረጃ ግን እጅግ ቀጭን ነው። በቻይናና በጃፓን ቤተ መቅደሶች ትራስ ላይ ተቀምጦ የሚመታ ሳህን መሰል ደወል መኖሩ እውነት ነው፤ እሱ ግን የሚመታ እንጂ የሚታሽ አይደለም። በኔፓልና በሰሜን ሕንድ ደግሞ የዚህ ዓይነት የነሐስ ሳህን የጓዳ ዕቃ ነበር፤ ሩዝ ይቀርብበታል፣ እህል ይቀመጥበታል። ሳህኑ ከጓዳ ወጥቶ በምዕራቡ ዓለም ዝናው የናኘው ሄንሪ ዎልፍና ናንሲ ሄኒንግስ የተባሉ ሙዚቀኞች በ1972 እ.ኤ.አ. «የቲቤት ደወሎች» የተሰኘውን ሸክላ ካሳተሙ ወዲህ ነው። በእኛ ዘመን ቁጥር ደርግ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ማለት ነው። ስለዚህ በመተማ ዮሐንስ የሻይ ቤት ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ከዚህ የሺህ ዓመት ታሪክ በዕድሜ የሚበልጡ ሽማግሌዎች ማግኘት ይቻላል።

ከዚህ የባሰው የሰባቱ ማዕድናት ነገር ነው። ሳህኑ ከሰባት ማዕድናት ተቀላቅሎ የተሠራ ነው፤ ወርቁ ለፀሐይ፣ ብሩ ለጨረቃ፣ መዳቡ ለቬነስ፣ ብረቱ ለማርስ፣ ቆርቆሮው ለጁፒተር፣ እርሳሱ ለሳተርን፣ ባዜቃው ለሜርኩሪ ነው ይባላል። እንዲህ ያለውን ድልድል ያዳመጠ ሰው ሻጩ ነጋዴ ይሁን ኮከብ ቆጣሪ ለመለየት ይቸገራል። ሳህኖቹ በቤተ ሙከራ ሲፈተሹ የሚገኘው ግን በአብዛኛው ነሐስ ብቻ ነው፤ አራት እጅ ያህሉ መዳብ፣ አንድ እጅ ያህሉ ቆርቆሮ፣ የቀረው ከማዕድኑ ጋር አብሮ የመጣ ጥቂት ቆሻሻ። ቤተ ሙከራ ባይኖርም ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። ይህን የመሰለ ነሐስ ለማቅለጥ ከ800 ዲግሪ በላይ እሳት ያስፈልጋል፤ ባዜቃ ግን 357 ዲግሪ ላይ ፈልቶ ይተናል። እውነት ባዜቃ ተጨምሮበት ከነበረ ዛሬ የሚገኘው ሳህኑ ውስጥ ሳይሆን ምስኪኑ አንጥረኛ ሳንባ ውስጥ ነው። ወርቅ የሚባለውም ከሆነ፣ በወርቅ ዋጋ የሰለጠነ የመተማ ነጋዴ ወርቅ ያለበት ሳህን በዚያ ዋጋ ተሸጦ እንደማያውቅ ለመረዳት መነጽር አያስፈልገውም።

ታሪኩ ይህን ያህል ከሳሳ በምን ይመረጥ? ለዚህ መልስ ኔፓል ድረስ መድከም የለብንም። በገበያ ቀን ሸክላ ከሚሸጥበት ጥግ ጥቂት መቆም ይበቃል። ጀበና ወይም ማሰሮ ልትገዛ የመጣች ሴት ዕቃውን ታነሳለች፣ ታገላብጣለች፣ ቂጡን ታያለች፣ አፉን በመዳፏ ትዳስሳለች፤ ይህ ሁሉ ግን ለወጉ ነው። ፍርዱ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ በጣቷ አንጓ ቆርቆር አድርጋ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስታዳምጥ ነው። ድምፁ ጥርት ብሎ ከወጣ በደንብ የተተኮሰ፣ ስንጥቅ የሌለበት ነው። «ዷ» ብሎ እዚያው ከቀረ ዓይን ያላየው ስንጥቅ አለበት። ሻጯ «ከወለቃ የመጣ ነው» ብትላት፣ «የታወቀች እጅ ናት የሠራችው» ብትላት፣ በታቦቱ ብትምልላት እንኳ ሴትዮዋ ክርክር አትገጥምም፤ «ይሁንልሽ እሜቴ» ትልና ቀጣዩን አንስታ ታንኳኳለች። ይህ ጥበብ የጓዳ ብቻም አይደለም። በጣና ገዳማትና በሌሎችም ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ከብረት ደወል በፊት ጀምሮ ምእመናንን የሚጠራው ከእንጨት ላይ የተንጠለጠለ የድንጋይ ደወል ነው። ድንጋይ ሁሉ እንደማይጮህ የታወቀ ነው፤ እነዚያን ጠፍጣፋ ድንጋዮች ከአገሩ ድንጋይ ሁሉ ለይቶ ያመጣቸው ሰው እያንኳኳ፣ እያዳመጠ፣ ዝም ያለውን እየጣለ መሄድ ነበረበት። መስፈርቱ ታሪክ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ድንጋይ ይበቃ ነበር።

ዘማሪውን ሳህን የሚገዛ ሰውም ይህንኑ ያድርግ፤ ነገር ግን ምን እንደሚያዳምጥ አስቀድሞ ይወቅ። መጀመሪያ ሳህኑን በተዘረጋ መዳፉ ላይ ያስቀምጠው። በጣቶቹ ጭምድድ አድርጎ ከያዘው ጥፋቱ የሳህኑ አይደለም፤ የተያዘ ነሐስ አይዘምርም። ከዚያ ለስለስ ባለ መምቻ ጎኑን አንዴ ነካ አድርጎ እጁን ይሰብስብና ድምፁ እስኪያልቅ አይናገር። ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ ለሻጩም ይሠራል፤ ድምፁ ሳያልቅ ዋጋ የሚጠራ ሻጭ ሳህኑን አያምነውም። ጥሩ ሳህን ድምፁ ቶሎ አይከዳም፤ ገዢው ብዙ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ አስገብቶ አስወጥቶም ጭራው ይሰማዋል። ስንጥቅ ካለበት ደግሞ እዚያው ላይ የሚያንገራግር፣ የሚነጫነጭ ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ «ዋው… ዋው… ዋው…» እያለ ከፍ ዝቅ የሚለውን ድምፅ ይፈልግ። ሻጩ ይህን የኮከቦች ሥራ ነው ይለዋል፤ የፊዚክስ ሰዎች የሚሰጡት ምክንያት ግን ለእኔ ከኮከቡ ይበልጥ ያስደስተኛል። ሳህኑ ሲመታ ክብ ከንፈሩ ወደ እንቁላል ቅርጽ እየተሳበና እየተመለሰ ይርገበገባል። ዙሪያው ፍጹም እኩል ቢሆን በየትኛውም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ድምፅ ብቻ ይሰጥ ነበር። በእጅ ሲቀጠቀጥ ግን አንዱ ወገን ትንሽ ይሳሳል፣ ሌላው ትንሽ ይወፍራል፤ ስለዚህ እጅግ የተቀራረቡ ሁለት ድምፆች ይወጡና አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጣፋፋሉ። በመካከላቸው በሰከንድ የሦስት ርግብግቢት ልዩነት ካለ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲል እንሰማለን። ሰው «ነፍሴን ዳሰሰው» የሚለው ድምፅ የመዶሻ ስህተት ነው ማለት ነው። በማሽን ተሽከርክሮ የወጣ፣ ዙሪያው የተስተካከለ ሳህን እንከን የለውምና ይህ ማዕበልም የለውም። ዓይን የሚወደው ያንን ነው፤ ጆሮ የሚወደው ይህንን። ለዚህ ነው ሳህኑን በዓይን መርጦ በጆሮ መጫወት የማያዋጣው።

አጨዋወቱ ከአመራረጡ ይከብዳል የሚሉ አሉ፤ ማሲንቆ አይቶ ላደገ ሰው ግን አዲስ ነገር አይደለም። የማሲንቆው ጭራ በጭራ ሲፈተግ የሚሆነው ይህ ነው፤ ደጋኑ ጭራውን ይዞ ይጎትታል፣ ጭራው አምልጦ ይመለሳል፣ ደጋኑ እንደገና ይይዘዋል፤ ይህ መያዝና ማምለጥ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ድምፅ ይሆናል። ሙጫ ያልነካው ደጋን የማይጮኸው የሚይዝበት ስለሌለው ነው። ሳህኑም እንደዚሁ ነው። ቆዳ የተጠቀለለበት ዱላ በከንፈሩ ዙሪያ ቀስ ብሎ፣ ሳይላቀቅ፣ በእኩል ጫና ሲዞር ነሐሱን እየያዘ ይለቀዋል። አስቀድሞ አንዴ ነካ አድርጎ ማስነሳትና ከዚያ ማሸት ይቀላል፤ ከዝምታ ለማስነሳት የሚታገል ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው የሲጥሲጥታ ድምፅ ነው። ቸኩሎ ማዞርም አይረዳም፤ ዱላው መንጠር ይጀምርና ሳህኑ መንቀጥቀጥ የያዘው ጥርስ ያለው ይመስል ይንገጫገጫል። የመተማ ተጫዋች ደግሞ አንድ የራሱ ጣጣ አለው፤ እሱም ላብ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኝ፣ በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት ከተማ የሳህኑን ከንፈር ሳያልቡ መያዝ ከተመስጦው በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ላብና ቅባት የነካው ከንፈር ዱላውን ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ሳህንና ዱላ ደረቅ ጨርቅ ይከተላቸው፤ ጊዜውም ማለዳ ይሁን። መዝናናት የሚፈልግ ሳህኑ ውስጥ ውኃ ጨምሮ ያሸው፤ ድምፁ ይወፍራል፣ ድምፁ ሲበረታ ደግሞ የውኃው ፊት ተሰብሮ ጠብታዎች ይዘላሉ። ይህንን ዴኒስ ቴርዋንና ጆን ቡሽ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. በቁም ነገር አጥንተው ጽፈውበታል። በቆላ በጋ ውኃ በጀሪካን የሚያስቀዳ ሰው ግን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ውኃውን እንዳይደፋው።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለው ተቃውሞ ይመጣል። ታሪኩ ውሸትም ቢሆን ምን ቸገረህ፣ ያመነ ሰው ያርፍበት የለ? የሚል ነው። ተቃውሞው እርባና ቢስ አይደለም። ተመስጦ ውስጥ እምነት ድርሻ አለው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት 62 ሰዎች ከዘማሪ ሳህኖች ድምፅ በኋላ ጭንቀታቸውና ድካማቸው ቀለል እንዳለላቸው ዘግቧል። ነገር ግን ጥናቱ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። እነዚያ ሰዎች ለዚያን ያህል ሰዓት ስልካቸው ተዘግቶ፣ ጋደም ብለው፣ ማንም ሳይጠራቸው ቢቆዩ ኖሮ ያለ ሳህንም ይቀላቸው ነበር ወይስ አይቀላቸውም የሚለው አልተመለሰም። አንድ የመተማ ሰው ከቀትር በኋላ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ሲነሳ የሚሰማውን መታደስ ማንም ለዛፉ ንዝረት አልሰጠውም። ሳህኑ ካንሰር ያድናል፣ ሴሎችን ያስተካክላል የሚለው ዓይነት ወሬ ከዚህም አልፎ አደገኛ ነው፤ ወባ የያዘው ሰው ሳህን ሲያሽ ሊያድር አይገባውም። እምነት ያሳርፋል ለሚለው መልሴ ይህ ነው፤ ታሪክ ሲነገር ያምራል፣ በሦስተኛው ሳምንት ግን ያረጃል። በየማለዳው ሳህኑ ፊት ሲቀመጡ ሂማላያም፣ ጨረቃዋም፣ መነኮሳቱም አብረው አይነሱም፤ አብሮ የሚነሳው ድምፁ ብቻ ነው። ድምፁ ክፉ ከሆነ ሰውየው ሳህኑን ቁም ሳጥን ላይ ይሰቅለዋል። ድምፁ ጥሩ ከሆነ ግን ታሪክ ባይኖረውም ይመለስበታል።

ነጋዴ ወዳጆች ደግሞ ሌላ ክርክር አላቸው። ታሪክ እኮ ዋጋ ነው፤ የሩዝ ሳህን በታሪክ ብቻ ይህን ያህል ካወጣ እኛስ ለምን አንማርም? ይላሉ። ማስረጃቸውም ቅርብ ነው፤ እጣኑ። ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ የተባለው የመተማና የቋራ የእጣን ዛፍ በበጋ ልጡ በስለት ይገረፋል፤ ቁስሉ ላይ ነጭ ሙጫ ያለቅሳል፣ ይደርቃል፣ ይለቀማል፣ ቁስሉ እንደገና ይታደሳል። ለጸሎት ሲጨስ የኖረበት ዘመን በእውነት ሺህ ዓመታት ነው፤ በወንጌሉ ለሕፃኑ ከቀረቡት ሦስት ስጦታዎች አንዱም እጣን ነው። ሳህኑ የተበደረው ታሪክ የእጣኑ የገዛ ንብረቱ ነበር ማለት ይቻላል። ይህ ሁሉ እያለው እጣኑ ስም አልባ ሆኖ በጆንያ ይወጣል። በዚህ ቅሬታ እስማማለሁ፤ በመደምደሚያው ግን አልስማማም። እጣኑን የሚያስከብረው ተረት ሳይሆን መለየቱ ነው። በመጋዘን ተቀምጠው እጣን የሚለቅሙትን ሴቶች ያስተዋለ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ትልልቁን ከደቃቁ፣ ነጩን ከጠቆረው፣ ልጥ የያዘውን ከጠራው በዓይንና በጣት እየለዩ ደረጃ ይሰጡታል እንጂ ስለ ንግሥተ ሳባ አያወሩለትም። እነሱ እጣን ላይ የሚያደርጉት፣ ሸክላ ገዢዋ ጀበና ላይ የምታደርገው፣ ሳህን ገዢውም ሊያደርገው የሚገባ አንድ ሥራ ነው። ታሪክ ይጨመርለት ከተባለም እውነተኛውና አስቸኳዩ ይነገርለት፤ መተማን ጨምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ቃጠሎ፣ ልቅ ግጦሽና ነቀዝ በዚሁ ከቀጠሉ ዛፎቹ በ50 ዓመት ውስጥ ከአሥር ዘጠኙ ሊጠፉ እንደሚችሉ አስልቷል። ተመስጦ ላይ ያለው ዓለም ዓይኑን ገልጦ ቢሰማው የሚገባ ታሪክ ይህ ነው።

የሃይማኖቱ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። ባዕድ አምልኮ ቤት ውስጥ ማስገባት ነው የሚል የንስሐ አባትም፣ ሼኽም፣ አክስትም ይኖራል። ለነገሩ ከላይ ያየነው ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ሳህኑ የገዳም ቅዱስ ዕቃ ሳይሆን የሩዝ ሳህን ከነበረ፣ የሚያስፈራው ነገር ከሻጩ አፍ የወጣው እንጂ ከነሐሱ የወጣው አይደለም ማለት ነው። በጆሮ የገዛ ሰው ድምፅ ገዝቷል፤ በታሪክ የገዛ ሰው ግን ሳያውቀው እምነትም ገዝቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ አስረድቶም የንስሐ አባቱ እምቢ ካሉት ይተወው፤ ከንስሐ አባቱ ጋር እየተከራከረ በሰላም የሚመሰጥ ሰው እስካሁን አልተሰማም። ሌሎቹ ደግሞ «በገና እያለን ሳህን ምን ይሠራልናል?» ይላሉ። አነጋገራቸው ደስ ይላል፤ ግን በገናን በሳህን ልክ ማውረድ ይሆናል። በገና አሥር አውታር ያለው፣ ጸሎትና ግጥም የሚሸከም፣ ተማሪውን ዓመታት የሚያስቀምጥ፣ በተለይ በዐቢይ ጾም የሚደረደር የጸሎት ዕቃ ነው፤ እንደ ዓለሙ አጋና ታፈሰ ተስፋዬ ያሉ ደርዳሪዎች ዕድሜያቸውን ሰጥተውታል። ሳህን የአምስት ደቂቃ ነገር ነው። ሆኖም በገናም ለእኔው ክርክር ይመሰክራል። ያ ልብ የሚነዝር እዝታው የሚመጣው በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከሚገባው ትንሽ ቆዳ፣ ከእንዚራው ነው። ደርዳሪው እንዚራውን ሲያስተካክል ያየ ሰው ያውቃል፤ ጥቂት ገፋ፣ ጥቂት ሳብ፣ አንዴ መታ፣ እንደገና ገፋ፣ እዝታው ትክክል እስኪመጣ። የዳዊትን ስም እየጠራ የሚያስተካክለው የለም፤ በጆሮው ነው።

የቀረው ተቃውሞ ከቦታው ራሱ የሚነሳ ነው። መተማ ለተመስጦ የተፈጠረች ከተማ ናት የሚል ሰው ካለ አልሄደባትም። ባጃጅ አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ ድንበር ላይ የተደረደረ የጭነት መኪና አለ፣ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ከየአገሩ የሚጎርፈው የጉልበት ሠራተኛ አለ፤ ከድንበሩ ድልድይ ማዶ የሱዳኗ ጋላባት የራሷን ድምፅ ትጨምራለች። ታሪኳም የጩኸት ነው፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ተዋግተው የቆሰሉት እዚሁ ነው፤ መተማ ዮሐንስ የተባለችውም በእሳቸው ስም ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች ሻንጣና ሕፃን ተሸክመው በዚያችው ድልድይ ገብተዋል። በዚህ መካከል ስለ ሳህን ድምፅ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሰው ቢኖር አልቆጣውም። ያን ሁሉ አይቶ ለመጣ ሰው ሳህን መድኃኒት ነው ብሎ ማቅረብ ነውር ነው፤ ውኃ፣ መጠለያና ሐኪም ይቀድማሉ። ነገር ግን ጩኸት የበዛበት ቦታ ጆሮ የማያስፈልገው ቦታ አይደለም። ይልቁንም ሳህኑን እዚህ መፈተን ከጸጥተኛ ሱቅ ይሻላል፤ ድምፅ በማያስገባ ክፍል፣ ወፍራም ምንጣፍ ላይ፣ ማንኛውም ሳህን መልአክ ነው። የጄኔሬተር ድምፅ እያለ ጭራው የሚሰማ ሳህን ግን ራሱን አስመስክሯል። ለመተማ ገዢ ስለዚህ የምመክረው ድምፁ ቀጭንና ትንሽ የሆነውን ነው፤ ወፍራሙ ትልቅ ሳህን የሚያሰማው ዝቅተኛ ድምፅ ከናፍጣ ሞተሩ ድምፅ ጋር ተደባልቆ ይቀራል። የሐዋሳ ወይም የቢሾፍቱ ሰው በሐይቁ ዳር ተቀምጦ የተገላቢጦሹን ቢመርጥ መብቱ ነው።

ሳህን ጨርሶ ያላገኘ ሰውስ? ጓዳውን ያንኳኳ። የብረት ሙቀጫ አንዳንዱ በዘነዘናው ጠርዙ ሲነካ ከኔፓል ሳህን ጋር የሚወዳደር ድምፅ አለው፤ ቡና እየተወቀጠ አልታወቀለትም እንጂ። የድሮ የነሐስ ጣሳ፣ ከሱዳን የመጣ ወፍራም ትሪ፣ የአሮጌ ጎማ ቸርኬ ሳይቀር መሞከር ይገባዋል፤ የገጠር ትምህርት ቤት ደወል ሆኖ ስንቱን ትውልድ ያስተማረው ቸርኬ ነው። አልሙኒየም ድስት ግን አይድከምበት፤ ቀጭኑ አልሙኒየም ጮክ ይላል እንጂ አይቆይም። ሳህኑን ገዝቶ ቤቱ ያስገባ ሰው ደግሞ አንድ ቀን አማቱ በማያውቁት ገብተው ሽሮ ቢያቀርቡበት አይደንግጥ። ሳህኑ ለዚህ ነበር የተፈጠረው፤ ሴትዮዋ ሳያውቁት ወደ ጥንት ሥራው መልሰውታል። ብቻ ተበልቶ ሲያበቃ ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ፣ በብረት ሽቦ አይፈተግ፣ ከንፈሩ በደንብ ይድረቅ፤ የደረቀ ሽሮ በጠርዙ ላይ ከቀረ በማግሥቱ ዱላውን ያንሸራትተዋል፣ ድምፁንም ያፍነዋል።